ሰንሰለት ታስሮለትም ትራክተሩ ሲንሸራተት

የጎማ ሰንሰለት ካርቶን ላይ ያለው ሥዕል በረዶ ነው። የጅማ ክረምት ጭቃ ነው፤ ጭቃውም ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ይህን ሳይለይ ነው። የጎማውን ንፋስ፣ የጥርሱን ማለቅና የዲፈረንሻሉን መቆለፊያ (ሁለቱን የኋላ ጎማ አንድ ላይ የሚያዞረውን) አይተህ ጨርሰሃል ብዬ ልጀምር። ጥርሱ ባለቀ ጎማ ላይ ሰንሰለት ልታስር ከሆነ ግን ተወው፤ ብሩን ለጎማው አድርገው።

ጎማው ይዞራል፣ ትራክተሩ ወደ ታች ይሄዳል

ምክንያቱ መሬቱ ነው። በአሰንዳቦና በኦሞ ናዳ ሜዳ ያለው ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ውሃ ከጠጣ በኋላ ወለል የለውም። ሰንሰለት የሚሠራው የሚነክሰው ሲያገኝ ነው። እዚያ ግን አካፋ ይሆናል፤ በዞረ ቁጥር ከጎማው ሥር አፈር እያወጣ ትራክተሩን እስከ ዲፈረንሻሉ ሆድ ይቀብረዋል።

ለመለየት ቁራጭ ፌሮ ያዝና መሬቱን ውጋው። አንድ ስንዝር ሳይገባ ጠንካራ ነገር ከነካ ሰንሰለት ይረዳሃል። በሰቃና በማና ዳገት ያለው ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ላዩ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ ሥሩ ጠጣር ነው። ፌሮው ጠልቆ ከሄደ ሰንሰለቱን መልሰህ አውርድ። ጭነት ቀንስ፣ ወይም ፀሐይ ጠብቅ። ሌላ መድኃኒት አላውቅለትም።

ሰንሰለቱ ታስሯል፣ አልተበጠሰም፣ ጎማው ግን እንደ በፊቱ ይንሸራተታል

ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያሰለቸኝ ይኼ ነው። ደንበኛው ሰንሰለቱን ይወቅሳል፤ ቀጭን ነው ይላል፤ ወፍራም ይገዛል፤ ወፍራሙም አይሠራም።

ምክንያቱ የመሰላል ሰንሰለት ነው። ሁለት የጎን ሰንሰለቶች አሉት፤ በመካከላቸው እንደ መሰላል እርከን ቀጥ ቀጥ ብለው የተዘረጉ አግዳሚዎች። የቤት መኪና ጎማ ላይ፣ ላዩ ለጥ ያለ ስለሆነ፣ አግዳሚው ጎልቶ ይወጣል፣ ይነክሳል። የትራክተር የኋላ ጎማ ግን ሰያፍ የሆነ ትልልቅ ጥርስ አለው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ሰፊ ሸለቆ። አግዳሚዎቹ ተራርቀው የተሠሩ ከሆነ ትንሽ እንደሄድክ እያንዳንዱ ሸራተት ብሎ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ከዚያ በኋላ መሬቱን የሚነካው ያው ጥርሱ ነው። ሸለቆው ግን ሰንሰለት ስለያዘ ጭቃውን እንደ ቀድሞው አይተፋም፤ ይሞላል፣ ይደፈናል። ማለትም ሰንሰለት ካልታሰረበት ጎማ የባሰ ነገር ሠራህ።

አንድ ሐሙስ፣ የጅማ ገበያ ቀን ነው፣ በሰርቦ በኩል ማዳበሪያ የጫነ ተጎታች መንገድ ዘግቶ ቆሟል ተብዬ ተጠራሁ። ትራክተሩ ማሲ ፈርጉሰን ነው፣ ጎማው አዲስ፣ ሰንሰለቱም አዲስ። ባለቤቱ ልጅ እግር ነው። «ጋሼ፣ ይኼኛው ደካማ ነው፤ ወፍራም ካለዎት ይስጡኝ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከአግዳሚዎቹ አንዱም ከጥርሱ በላይ የለም፤ ሁሉም ተኝተዋል፣ ጭቃው ለስኖባቸዋል፤ ጎማው ዙሪያውን እንደ ምጣድ ለስልሷል። ሰንሰለቱን አስፈታሁት፤ ሸለቆውን በአካፋ ጠረግን፤ ግማሹን ማዳበሪያ አወረድን። ያለ ሰንሰለት ወጣ። ልጁ ሰንሰለቱን እያየ ዝም አለ፤ እኔም ዋጋውን አልጠየቅሁትም።

ስትገዛ እንዲህ አድርግ። ሱቁ በር ላይ ከመክፈልህ በፊት ሰንሰለቱን በጎማህ ላይ ጣል፤ ባለሱቁ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂድ። ቀጥ ያለ ዱላ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ወደ ቀጣዩ ጥርስ ጫፍ አጋድም። ሰንሰለቱ ዱላውን ከፍ ካደረገው ይነክሳል። በዱላው ሥር ካለፈ አትግዛው፣ በነፃም ቢሰጡህ።

የሚሻለው የመረብ ዓይነት ነው፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተሻግረው እንደ ዓሣ መረብ ዓይን የሚሠሩት። አንዱ ሸለቆው ውስጥ ልግባ ቢል አጠገቡ ያለው ይጎትተዋል። ዋጋው ይከብዳል፣ ክብደቱም እንዲሁ። መሰላሉን አስቀድመህ ገዝተህ ከሆነ የጎን ሰንሰለቱን ቀለበቶች ቁጠር። አግዳሚ የሚመጣው በየ4 ቀለበቱ ከሆነ በመካከል አንድ አንድ ጨምርበት፤ በየ2 ይሁን። እንደ መረቡ አይሆንም፣ ግን ክረምቱን ያሳልፍሃል።

ልኩን ደግሞ ጎማው ጎን ላይ አንብበህ ና። «የማሲ ስጠኝ» አይባልም። 18.4-30 እና 18.4-34 ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ በዙሪያ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላለጣሉ። ያጠረውን በሽቦ ቀጥለው ያሰሩ ሰዎች አይቻለሁ። በሽቦ!

ሠራ አልሠራም ለማለት በዓይን አትፍረድ። ጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርግና 10 ዙር ባዶውን ሂድ፣ ለካ፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ጭነቱን ይዘህ 10 ዙር ሂድ። ባዶውን 46 ሜትር ሄዶ ከነጭነቱ 40 ከሄደ ደህና ነው። 30 ከሆነ ነዳጅህን ለጭቃው እያጠጣህ ነው።

ሰንሰለቱ ቋ ቋ ይላል፣ ፓራፋንጎውን ይመታል

ላልቷል። መጀመሪያ በእጅ አጥብቀህ እሰር፣ 100 ሜትር ያህል ሂድ፣ ውረድ፣ እንደገና አጥብቅ። ሁለተኛውን ማጥበቅ የሚዘለው ሰው ነው ፓራፋንጎ ሊያስቀጠቅጥ የሚመጣው። የመንጠቆው ጫፍ ወደ ውጭ ይዙር፤ ወደ ጎማው ከዞረ ጎኑን ይበላዋል። በማረሻ ማንሻው ክንድ በኩል እጅህ የሚያልፍበት ክፍተት ከሌለ ሰንሰለት አታስር፤ መጀመሪያ ጎማዎቹን ወደ ውጭ አራርቅ። ሞተሩ እየሠራ እጅህን ከጎማው ጀርባ አታስገባ። ረዳትህም አያስገባ።

ሰንሰለቱ ይበጠሳል

ከፌሮ ታጥፎ የተበየደ ነው፤ ሳላየው እምላለሁ። ብየዳው ባይለቅ እንኳ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ በቀይ አፈር ውስጥ ያለው ጠጠር ሞርዶ ይጨርሰዋል። ስትገዛ ሞረድ ይዘህ ሂድ። አንዱን ቀለበት ሞርደው፤ ሞረዱ ከተንሸራተተ ላዩ ጠንክሯል፤ ከነከሰና ብናኝ ካወጣ ለስላሳ ነው። ሻጩ ቢቆጣ ተወው ይቆጣ። የተበጠሰውን አግዳሚ ቀይር እንጂ አትበይድ፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋል።

ሌሎች

አንዱ ጎማ ብቻ ከዞረ የዲፈረንሻሉ መቆለፊያ አልያዘም፤ ከያዘ ደግሞ መሪ አታዙር። የኋላው ከቀለለ ጎማው ውስጥ ውሃ ሙላ፤ የንፋስ መሙያውን አፍ ወደ ላይ አድርገህ እዚያ ድረስ ነው፣ ከሦስት አራተኛ አይለፍ። በብርድ አገር እንዳይረጋ ጨው ይጨምሩበታል፤ ለጅማ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። አስፋልት ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱ ይፈታ፤ ወደ አጋሮ በአስፋልት እያንኳኳ የሄደ ሰው ሲደርስ ሰንሰለት የለውም።

አንዷን ግን ቆመህ ስማኝ። ሰንሰለቱ የነከሰለት ጎማ ተጣብቆ መዞር ሲያቅተው፣ የሚዞረው ራሱ ትራክተሩ ነው፤ አፍንጫው ተነስቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ኦፕሬተሩ ላይ። ይኼ የሚሆነው ፍሪሲዮን ለመርገጥ ጊዜ ሳይሰጥህ ነው። ስለዚህ ግንድ ከጎማው ጋር አትሰር። ገመድ ከላይኛው ማያያዣ አትጎትት፤ ከታችኛው መጎተቻ ብቻ። ፍሪሲዮኑን በድንገት አትልቀቅ። ከገባህበት ማጥ በተቻለ መጠን ወደ ኋላ ውጣ፤ የፊቱ ጎማ ከመሬት ሲላቀቅ ካየህ ሞተሩን አጥፋና ሌላ ትራክተር ጥራ፤ ቢያስከፍልህም።

መስከረም ሲጠባ ሰንሰለቱን እጠበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ በተቃጠለ ዘይት ንከረውና ምስማር ላይ ስቀለው። እርጥቡን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ጥግ የሚጥል ሰው ሰኔ ላይ የሚያወጣው አንድ ወጥ የዛገ ቋጠሮ ነው፤ እሱን ይዞ እኔ ጋ እንዳይመጣ።