ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ሰማይን በጉልላት ሥር ለማየት

ከደብረ ብርሃንና ከአካባቢዋ ተማሪዎችን ይዞ በ2015 ዓ.ም. ወደተከፈተው የአዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየም ለመሄድ ያሰበ መምህር፣ አውቶቡስ ከመከራየቱ በፊት ልጆቹ የራሳቸውን ሰማይ እንዲያዩ ማድረግ ይገባዋል። በሙዚየሙ ፕላኔታሪየም፣ ማለትም የሰማይ ትርኢት በሚቀርብበት አዳራሽ፣ ጉልላት ላይ የሚታየው ሰማይ ፕሮጀክተር የሚሥለው ስለሆነ፣ እውነተኛውን ልብ ብሎ ያላየ ልጅ እንደ ፊልም ተመልክቶት ይወጣል።

ለዚህ ዝግጅት ኅዳርና ታኅሣሥ ይመረጣሉ። ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ልጆቹን ከመብራት ራቅ ወዳለ ሜዳ አውጥቶ ፊታቸውን ወደ ሰሜን ማዞር ነው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ ከፍ የሚለው በዚያው ልክ ብቻ ነው። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ የትንሿን ጣቱን ጎን አድማሱ ላይ ያሳረፈ ልጅ ኮከቡን ከአውራ ጣቱ አጠገብ ያገኘዋል። ኮረብታ ከጋረደው ቦታ መለወጥ ነው።

ይህን የለካ ልጅ ጉልላቱ ሥር ሲቀመጥ ጥያቄ ይኖረዋል። የሰሜን ኮከብ ከጉልላቱ ወገብ በላይ ወጥቶ ከታየ፣ የሚታየው የአውሮፓ ወይም የሌላ ሩቅ አገር ሰማይ እንጂ የእኛ አይደለም። ዲጂታል ፕላኔታሪየሞች የፈለጉትን ቦታና ቀን ሰማይ ማሳየት ስለሚችሉ፣ የደብረ ብርሃንን የግንቦት ምሽት እንዲያሳዩ ባለሙያውን በትሕትና መጠየቅ ያዋጣል፤ ያን ጊዜ በስተደቡብ፣ ከአድማስ ሁለት የተጨበጠ እጅ ያህል ከፍ ብሎ፣ የደቡብ መስቀል ይታያል።

የአየር ጠባዩን ትምህርት ደግሞ ከውርጭ መጀመር ይሻላል፤ ባቄላው የተመታበት ገበሬ ልጅ ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቀዋልና። ደመና በሌለበት ደረቅ ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሕዋ ስትለቅ የሚመልስላት የለም፤ ኮከቡ ደምቆ የሚታይበት ሌሊትም ብዙውን ጊዜ ውርጭ የሚበረታበት የሆነው ስለዚህ ነው። ልጆቹ ለሁለት ሳምንት ማታ ደመናውን፣ ጠዋት ውርጩን በደብተር መዝግበው ቢይዙ፣ ሙዚየም ውስጥ ስለ ከባቢ አየር የሚያዩትን ሁሉ ከዚያ ጋር ያነጻጽሩታል። ገደል አፋፍ ላይ ከምትገኘው ከጣርማ በር ከሆኑ ጉሙን ይጨምሩበት፤ ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ እየቀዘቀዘ የሚፈጥረው ደመና ነውና።

ስለ ጉዞው የምለው ጥቂት ነው። የመግቢያ ሰዓትንና የቡድን ቀጠሮን አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ ልጆቹን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቀስቅሼ ወስጄ፣ መብራቱ ጠፍቶ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንጋለል ግማሾቹ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከዚያ ወዲህ የጉልላቱን ትርኢት ከምሳ በፊት፣ ልጆቹ ጥቂት ከተዘዋወሩ በኋላ አደርገዋለሁ።