ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸው አረጋውያን፦ ስለ ደም ግፊት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ማዞርን ሁሉ «ግፊቴ ወጣ» ማለት

ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እናትዎ ከሶፋ ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ይጨልማል፣ ግድግዳ ይይዛሉ። «ግፊቴ ተነሳብኝ» ይላሉ። ቤቱም ያምናል። አንዳንዴ ተጨማሪ ኪኒን ይመጣል።

ከፍ ያለ ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ሲቆሙ የሚመጣ ማዞር ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው፦ ግፊቱ ወርዷል። ስንቆም ደማችን ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። የወጣት ሰውነት የደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ ልቡን አፍጥኖ በሰከንዶች ውስጥ ያስተካክለዋል። ዕድሜ ሲገፋ ይሄ ምላሽ ይዘገያል፤ ስኳር ነርቭን ጎድቶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አንጎል ለአፍታ ደም ሲያንሰው ጉልበት ይከዳል። በዚህ ሰዓት ኪኒን መጨመር የወረደውን ይበልጥ ማውረድ ነው። ወዲያው ይቀመጡ ወይም ጋደም ይበሉ፣ ከዚያ ግፊቱ ይለካ።

ተቀምጦ ብቻ መለካት

አዳማ ውስጥ ግፊት ማስለካት ከባድ አይደለም። ችግሩ ሁሌም ወንበር ላይ ተቀምጦ መሆኑ ነው። ተቀምጠው 135 በ80 የነበሩ አባት ቆመው 110 በ70 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወንበሩ ላይ ያለው ቁጥር ይህን አይነግርዎትም። ስለዚህ 5 ደቂቃ ጋደም ይበሉና ይለኩ። ከዚያ ይቁሙ፤ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለኩ። ሲለኩ የሚደግፋቸው ሰው አጠገባቸው ይኑር። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ምንም ባይሰማቸውም ለሐኪም ይነገር። ሐኪሙ ራሱ ካልጠየቀ «ቆመውም ይለኩልኝ» ማለት መብትዎ ነው።

መድኃኒቱን በራስ ማቆም

ሰው ከወደቀ በኋላ ቤተሰብ ይደነግጥና «ኪኒኑ ነው የጣላቸው» ብሎ ያስቆማል። ድንጋጤው ይገባኛል፣ ውሳኔው ግን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የታተመው ሃይቬት የተባለ ጥናት 80 ዓመት የሞላቸውን ከ3,800 በላይ ሰዎች አካቷል። የግፊት መድኃኒት የወሰዱት ላይ በስትሮክ መሞትም፣ የልብ ድካምም ቀንሶ ታይቷል። ስትሮክ ራሱ እኮ ሰው ይጥላል።

መጠኑን መቀነስ፣ ዓይነቱን መቀየር፣ ሰዓቱን ማዛወር የሐኪም ሥራ ነው። የእርስዎ ሥራ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ነው። በሙሉ ስል የግፊቱን ብቻ ማለቴ አይደለም። ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲን፣ ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊን ሲቆሙ ግፊት ያወርዳሉ። ዲያዜፓም ደግሞ ያደነዝዛል፣ እግርን ያንገዳግዳል። ከሌላ ክሊኒክ የታዘዘውን ብዙ ሰው ሳይናገር ይቀራል።

ሙቀቱንና ጾሙን መርሳት

የአዳማ ሙቀት ቀልድ አይደለም። ሰውነት በላብ ውሃ ያጣል፤ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሴማይድ ያለ የሚያሸና ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ በሽንትም ያጣሉ። ደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲያንስ ግፊቱ ይወርዳል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከመጣ ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ሐኪም ይጠየቅ። ውሃ አዘውትሮ መጠጣት ጥሩ ነው፤ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ከሐኪማቸው ይስሙ።

ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት የኪኒኑ ሰዓት ከሐኪም ጋር ይመከርበት። ሳይበሉ ሳይጠጡ በዋሉበት ቀን ስግደት ላይ ብድግ ማለት ማዞሩን ያመጣዋል። ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር ተደግፎ መነሳት ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለችው መቋሚያ እዚህም ትጠቅማለች። ከከባድ ምሳ በኋላም እስከ 2 ሰዓት ያህል ግፊት ሊወርድ ስለሚችል በልቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ መውጣት አይመከርም።

ሌሊት ተንደርድሮ መነሳት

ሽንት ቤቱ ግቢ ጥግ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፣ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ፣ መብራት ያብሩ። ፖፖ አልጋው ሥር ማድረግ ነውር የለውም። የሚያሸና ኪኒን ጠዋት ቢወሰድ ይሻላል፤ ሰዓቱን ሐኪም ያረጋግጥላቸው። ያለቀ ነጠላ ጫማ ይጣል።

መውደቅን መደበቅ፣ የወደቀን መጎተት

ብዙ እናቶች «ልጆቼ ይጨነቃሉ» ብለው ይደብቃሉ። ስለዚህ በቀጥታ ይጠይቋቸው፦ ወድቀው ያውቃሉ? ሲነሱ ያዞርዎታል?

ሲወድቁ ደግሞ ወዲያው ክንዳቸውን ይዘው አይጎትቱ። መጀመሪያ የት እንዳመማቸው ይጠይቁ። ዳሌያቸው አካባቢ ካመማቸው ወይም አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ሳያንቀሳቅሷቸው አምቡላንስ ይጥሩ፤ ባጃጅ ላይ አያጣጥፏቸው። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰው ጭንቅላታቸውን ከመቱ ደህና ቢመስሉም ሆስፒታል ይሂዱ፤ የውስጥ መድማት ከሰዓታት በኋላ ሊታይ ይችላል።