አሬራ በድሬ ሙቀት፦ አጠጣጡና አይብ አወጣጡ
ድሬ ላይ ፀሀዩ ሲከር ከለስላሳ ይልቅ አሬራ ጠጡ፣ ቅቤው ከወጣለት በኋላ የሚቀረውን፣ ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ቀዝቅዞ ትንሽ ጨው ጣል ሲደረግበት ጥም ይቆርጣል። ወተቱ ሳይፈላ የተረጋ ከሆነ ግን ለነፍሰጡርና ለህፃን አትስጡ፣ እባካችሁ።

አይብ ለማውጣት ድስቱን በጣም ለስላሳ እሳት ላይ ጣዱትና አታማስሉት፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ እሳቱ ከበዛ አይቡ እንደ ጎማ ይሆናል። ነጩ ከላይ ተሰብስቦ ቢጫ ቢጫ የሚለው ውሃ ሲለይ አውርዱት፣ እዛው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ከዛ በንፁህ ስስ ጨርቅ አጥልሉት። አጓቱን እንዳትደፉት፣ ቂጣ አቡኩበት። በአሬራው ራሱ ካቦካችሁት ደሞ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፣ ኮምጣጣነቱ ሶዳውን ያስነሳውና ቂጣው ነፋ ነፋ ይላል፣ ሳትቆዩ ቶሎ ምጣድ ላይ አድርጉት።