ስለ 90 ናኖሜትር ቺፖች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቁጥሩን እንደ ልኬት ማንበብ። “90 ናኖሜትር” የቺፕ አሠራር ሂደቱ ትውልድ መጠሪያ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ገበያ በገባው የኢንቴል ትራንዚስተር (ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ጥቃቅን ማብሪያ) የጌቱ፣ ማለትም ማብሪያውን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ርዝመት ወደ 50 ናኖሜትር ነበር። ከጌቱ ሥር ያለው የሲሊከን ኦክሳይድ ንጣፍ ደግሞ 1.2 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ የሙቀት ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ትራንዚስተሩ ካነሰ ሙቀቱም ይቀንሳል ማለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 1.2 ናኖሜትር አምስት አተም ያህል ውፍረት ስለሆነ ኤሌክትሮኖችን አያግድም፤ ሾልከው ያልፋሉ። ጌቱም ስላጠረ ትራንዚስተሩ ጠፍቶ እያለ እንኳ በሶርስና በድሬን፣ ማለትም በትራንዚስተሩ ሁለት ጫፎች፣ መካከል ከረንት ይፈስሳል። ይሄኛው ከሙቀት ጋር ይጨምራል፦ ቺፑ በጋለ ቁጥር ያፈስሳል፣ ባፈሰሰ ቁጥር ይግላል። የደረቀ ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) እና አቧራ የደፈነው ማራገቢያ በዚህ ትውልድ ላይ የባሰ የሚጎዱት ለዚህ ነው። ኢንቴል በንጣፉ በኩል የሚሾልከውን ለመቀነስ ንጣፉን በሃፍኒየም ውህድ የተካው በ45 ናኖሜትር፣ በ2007 ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በ90 ናኖሜትር ማላከክ። በ90 ናኖሜትር የተሠራው የኢንቴል ፕሮሰሰር ፔንቲየም 4 ፕሬስኮት በ2.8 ጊጋኸርዝ የሙቀት ምጣኔው (ማቀዝቀዣው ሊያስወግደው የሚገባው ሙቀት፣ TDP) 89 ዋት ነው። በዚያው ሂደት የተሠራው የላፕቶፑ ፔንቲየም ኤም ዶታን ግን በ2 ጊጋኸርዝ 21 ዋት ብቻ! ልዩነቱ በአብዛኛው የንድፍ ነው፤ ፕሬስኮት ጊጋኸርዝ ሲያሳድድ ፓይፕላይኑን (አንድ ትእዛዝ ተራ በተራ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች) ከ20 ወደ 31 ደረጃ አስረዘመ። የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ በበኩሉ ከ130 ወደ 90 ናኖሜትር ሲሻገር የአትሎን 64 ፕሮሰሰሩ ምጣኔ ከ89 ወደ 67 ዋት ወርዶለታል።

ያገለገለ ፔንቲየም 4 ሲገዙ ጊጋኸርዙን ብቻ ማየት። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን ፊደል ይዩ። 2.8ሲ የ130 ናኖሜትሩ ኖርዝውድ ነው፦ 512 ኪሎባይት ካሽ (በቺፑ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ)፣ 69.7 ዋት። 2.8ኢ ፕሬስኮት ነው፦ 1 ሜጋባይት ካሽ፣ 89 ዋት። ሁለቱም ሶኬት 478 ላይ ይገጥማሉ፤ ገጠመ ማለት ግን ይሠራል ማለት አይደለም። አንዳንድ ቆየት ያሉ ማዘርቦርዶች ለፕሬስኮት የሚበቃ ኃይል አይሰጡም፤ ከመቀየርዎ በፊት የቦርዱን የፕሮሰሰር ዝርዝር ያረጋግጡ። ማሽኑ ከተነሣ ሲፒዩ-ዚ (CPU-Z) የተባለው ፕሮግራም ትውልዱን በናኖሜትር ያሳያል።

ትውልዱን እንደ ሞተ መቁጠር። ኤስቲኤም32ኤፍ4 (STM32F4) የሚባሉት ማይክሮኮንትሮለሮች፣ ማለትም መሣሪያዎችን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ኮምፒውተር-በአንድ-ቺፖች፣ በ90 ናኖሜትር ነው የሚሠሩት። እስከ 180 ሜጋኸርዝ ለሚሮጥና ፍላሽ ሜሞሪውን እዚያው ለያዘ ቺፕ፣ ከዚህ ማሳነስ ዋጋ ከመጨመር ሌላ ብዙም አይፈይድም።