ዲጂታል ሲግናል በአሮጌው ኦሲሎስኮፕ ላይ አልቆም ሲል

ኦሲሎስኮፕ ቮልቴጅ በጊዜ ሲለዋወጥ ስክሪን ላይ የሚስል ማሽን ነው። ተራው አናሎግ ኦሲሎስኮፕ ማስታወሻ የለውም። አንዲት ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ እያስሮጠ ያንኑ ስዕል እላዩ ላይ ደጋግሞ ይስላል። ሩጫው ሁሌ ከአንድ ቦታ ካልጀመረ ስዕሉ ይዝረከረካል። መነሻውን የሚወስነው ትሪገሩ ነው። ስለዚህ ሞገዱ አልቆም ሲላችሁ ታይም ቤዙን (የነጥቧን ፍጥነት የሚወስነውን ማዞሪያ) ከማማሰላችሁ በፊት ወደ ትሪገሩ ሂዱ።

ስዕሉ ወደ ጎን የሚሮጥ ከሆነ መጀመሪያ የትሪገር ሶርሱን፣ ማለትም ትሪገሩ የሚከታተለው የትኛውን ቻናል እንደሆነ እዩ። ፕሮቡ (ሲግናሉን የሚያመጣው የመለኪያ ሽቦ) ቻናል 1 ላይ፣ ሶርሱ ግን ቻናል 2 ላይ ቀርቶ ይሆናል። (እኔ ሁሌ "ከኔ በፊት የነካው ሰው ነው" እላለሁ። ከኔ በፊት የነካው እኔው ነኝ።) ሶርሱ ልክ ከሆነ ሌቭሉን (ትሪገሩ የሚነሳበትን ቮልቴጅ) አስተካክሉ። ለ5 ቮልት ሎጂክ 2 ቮልት ገደማ፣ ለ3.3 ደግሞ 1.5 ገደማ ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ኖቡ (ማዞሪያው) ላይ ቮልት አልተጻፈም፤ ስዕሉ ቀጥ እስኪል ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ሲግናሉን ለ10 በሚያካፍለው ×10 ፕሮብ 5 ቮልቱ ማሽኑ ጋ የሚደርሰው 0.5 ሆኖ መሆኑንም አትርሱ።

ስዕሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋልል ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮፕሊንጉ (ሲግናሉ ወደ ማሽኑ የሚገባበት መንገድ) ኤሲ ላይ ነው። የ1 እና የ0 ብዛት ሲለዋወጥ የሲግናሉ አማካይ ቮልቴጅ አብሮ ይለዋወጣል። ኤሲ ያንን አማካይ ስለሚቆርጠው ሲግናሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ትሪገሩም ይስታል። የቻናሉንም የትሪገሩንም ኮፕሊንግ ዲሲ (ሲግናሉን እንዳለ የሚያሳልፈው) አድርጉት።

አሁን ሰው ወደሚያሳብደው ችግር እንምጣ። ስዕሉ ቆሟል፤ ግን ሁለት ሦስት ሞገድ ተደራርቦ 1 እና 0ው አይለይም።

አንድ አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በየ5 ሚሊሰከንዱ "A" የምትለዋን ፊደል በ9600 ቦድ፣ ማለትም በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት ይልካል እንበል። አንዱ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ መጀመሪያዋንና መጨረሻዋን ከሚያመለክቱት ከስታርትና ከስቶፕ ቢት ጋር ፊደሏ 1.04 ሚሊሰከንድ ትወስዳለች። መስመሩ ስራ ሲፈታ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ፊደሏ የምትጀምረው ወደ ታች በመውረድ ነው፤ ስለዚህ ስሎፑን (ትሪገሩ የሚነሳበትን የጠርዝ አቅጣጫ) ወደ ታች (−) እናደርጋለን። ችግሩ "A" ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ጠርዝ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ነው። ታይም ቤዙ በአንድ ካሬ 50 ማይክሮሰከንድ ላይ ከሆነ፣ ስክሪኑ ወደ ጎን አሥር ካሬ ስለሆነ አንዱ ሩጫ በ0.5 ሚሊሰከንድ ያልቃል። ማሽኑ ቀጣዩን ጠርዝ ሲጠብቅ የሚያገኘው አዲሱን ፊደል ሳይሆን ከመጀመሪያው 0.83 ሚሊሰከንድ በኋላ የሚመጣውን ሦስተኛውን ጠርዝ ነው። ከዚያ ይነሳና ሌላ ስዕል ይደርብበታል። ለማሽኑ ሁሉም ጠርዝ አንድ ነው፤ ምን ያውቃል!

መፍትሄው ሆልድ ኦፍ የሚባለው ኖብ ነው። ብዙ ሰው ለምን እንደተሰራ ስለማያውቅ አይነካውም። ሩጫው ካለቀ በኋላ ትሪገሩ ለጥቂት ጊዜ ምንም እንዳያይ ያደርገዋል። ማሽኑ የሚነቃው በሁለት ፊደሎች መካከል ባለው ጸጥታ ላይ እስኪሆን ድረስ አዙሩት። የቀረው አንድ ንጹህ ስዕል ነው። ፊደሎቹ ያለ ክፍተት የሚላኩ ከሆነ ግን ሆልድ ኦፍ ብቻውን ላያድናችሁ ይችላል፤ ለሙከራው ያህል ኮዱ ውስጥ ጥቂት ሚሊሰከንድ ዲሌይ ጨምሩ።

መልእክቱ የሚላከው በኤስፒአይ (ቺፖች በአጭር ርቀት የሚነጋገሩበት ዘዴ) ከሆነማ ቀላል ነው። የቺፕ ሴሌክቱን መስመር (መልእክት ሲጀምር ዝቅ የሚለውን) ወደ ኤክስተርናል ትሪገር፣ ማለትም ለትሪገር ብቻ ወደተሰራው መግቢያ አስገቡትና ስሎፑን ወደ ታች አድርጉ። መልእክቱ የሚጀምርበትን ቦታ ራሱ ይነግራችኋል።

መልእክቱ በሰከንድ አምስት ጊዜ ብቻ ከመጣ ኦቶ ሞድ መጠበቅ ይሰለቸውና በራሱ ይሮጣል። ትሪገር ሳያገኝ የማይሮጠው ኖርማል ላይ አድርጉት። ሲግናል ሲጠፋ ስክሪኑ ይጨልማል፤ አትደንግጡ፣ አልተቃጠለም። ስዕሉም ይደበዝዛል። ብርሃኑን ጨምሩ፣ መጋረጃውን ዝጉ፤ ወይም ኮዱ ቶሎ ቶሎ እንዲልክ አድርጉ።

ጠርዙ ላይ የሚርገበገብ ሹል ነገር ካያችሁ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሲግናሉ አይደለም። የፕሮቡ ግራውንድ ሽቦ ረዝሟል፤ አሳጥሩት። ማዕዘኖቹ ከተጠጋጉ ደግሞ ፕሮቡን በማሽኑ የ1 ኪሎኸርዝ ካሊብሬሽን ሲግናል አስተካክሉ።

አንዴ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሲግናል ከሆነ ግን አትድከሙ። ወይ እንዲደጋገም አድርጉት፣ ወይ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ያለው ጓደኛ ፈልጉ።