ኑዛዜ ሲጽፉ ሊጠነቀቁላቸው የሚገቡ ነጥቦች

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል፤ እነርሱም በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ እጅ የሚጻፍና በቃል የሚነገር ናቸው። የቃሉ ለጠባብ ጉዳዮች ብቻ የሚያገለግል ከመሆኑም በላይ ከሦስት ወር በኋላ ስለሚፈርስ፣ ቤትና ንብረት ያለው ሰው ባይተማመንበት ይሻላል።

አብዛኛው ክርክር የሚነሳው በግልጽ በሚደረገው ኑዛዜ ፎርም ላይ ነው። ጽሑፉን ተናዛዡ ራሱ ወይም እርሱ እየነገረው ሌላ ሰው ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ነገር ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በሰነዱ ላይ መጻፍ፣ ከዚያም ሁሉም ወዲያውኑ መፈረም አለባቸው። «ተነበበ» የምትለው ቃል በመቅረቷ ብቻ የአንድ ሰው የመጨረሻ ፈቃድ ፈራሽ ሊሆን ይችላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ግን ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ።

በእጅዎ የሚጽፉ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ራስዎ ይጻፉት፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ያስፍሩ፣ ቀን ይጨምሩ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ይፈርሙ። በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጡት ዋጋ ያጣል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ መናዘዝ የለባቸውም፤ ሕጉ አይቀበለውም። ልጅን ከውርስ በግልጽ የሚነቅል ተናዛዥም ምክንያቱን መጻፍ ይኖርበታል።

ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ውክልና ኑዛዜን አይተካም። ተወካይ በስምዎ ቤት ሊሸጥ ወይም ሊያከራይ ቢችልም ሊናዘዝልዎ አይችልም፤ ሥልጣኑም በመርሕ ደረጃ ከወካዩ ሞት ጋር ያበቃል።