አሮጌው ዴስክቶፕ ወይስ አዲሱ ርካሽ ላፕቶፕ? በጌም የሚሻለውን ቤታችሁ ሆናችሁ እንዴት እንደምትለኩ

ባለፈው በጋ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለሚኖረው የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ተገዛለት። አዲስ ነው፤ የስክሪኑ ላስቲክ እንኳን አልተላጠም። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ሴሌሮን ኤን4020፣ ራሙ (የሥራ ሜሞሪው) 4 ጊጋ። ሻጩ «ጌም በደንብ ይችላል» ብሎት ነበር። ልጁ ጂቲኤ 5 የሚባለውን ጌም ጭኖ መኪና መንዳት ሲጀምር ምስሉ ቆም፣ ሄድ፣ ቆም ይላል። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ መኪናው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ያገኘዋል። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላኝ።

ከሥር ያለው ጎረቤት ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 አለው። ፕሮሰሰሩ በ2012 የወጣው ኮር አይ5 3470 ነው፤ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) ተሰክቶበታል። ያው ጌም እዚያ ላይ ሳይንገጫገጭ ሄደ። የሚገርም አይደለም። የጌሙ ሠሪዎች በ2015 ለኮምፒውተር ሲያወጡት «ይመከራል» ብለው የጻፉት ፕሮሰሰር ራሱ አይ5 3470 ነበር።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ ወይም ያላችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ለኩ። እንዲህ ነው የሚለካው።

1. መጀመሪያ ውስጡን እወቁ

ከውጭ የተለጠፈውን ስቲከር እርሱት። የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ተጫኑ። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የኮሩን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚከፋፈሉት ክፍሎች) ብዛት፣ የራሙን መጠን እና ስንት ቁራጭ ራም እንደተሰካ እዚያው ታገኛላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው «ኮር አይ7» የሚል ሲያይ ነው። ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው አይ7 6600ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ያ የ2012 የዴስክቶፕ አይ5 አራት አለው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» ፕሮሰሰሩ ትንሽ ኃይል እንዲበላ ተደርጎ የተሠራ መሆኑን ትነግራችኋለች፤ የዚህኛው መደበኛ ፍጆታ 15 ዋት ነው፣ የዴስክቶፑ 77 ዋት። የእህቴ ልጅ ሴሌሮን ደግሞ 6 ዋት ነው። ለወርድ፣ ለዩቲዩብ፣ ለትምህርት ይበቃል። ለከባድ ጌም ግን አልተሠራም።

2. ግራፊክስ ካርዱ ላይ ጊዜ ውሰዱ

አብዛኛው የጌም ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። የጎረቤቴ ዴስክቶፕ ካርዱ ቢነቀልለት ከላፕቶፑ እምብዛም አይሻልም ነበር፤ የአይ5 3470 የራሱ ግራፊክስ ደካማ ነው።

ለአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ካርድ ስትፈልጉ ሦስት ነገር አጣሩ። አንደኛው ኃይል ነው። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። ስለዚህ 60 ዋት የሚበላው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ወይም 75 ዋት የሆነው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይሆናል፤ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀውን ዓይነት ምረጡ። ሁለተኛው ቁመት ነው። ቀጭኑ ሳጥን ከሆነ አጭሩ ካርድ ብቻ ነው የሚገባው። ሳጥኑን ሳትከፍቱና ሳትለኩ ብር አታውጡ።

ሦስተኛው ማንነቱ ነው። ጂቲ 1030 የሚባለው ካርድ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ሆኖ ተሸጧል። አንዱ ጂዲዲአር5 ሜሞሪ አለው፣ ሌላው ዲዲአር4። የመጀመሪያው ሜሞሪ ከሁለተኛው ሦስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፤ ጌም ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የሜሞሪውን ዓይነት ያሳያችኋል። አሮጌ ካርድ ስሙ ተቀይሮ «1050 ቲአይ» ተብሎ ሲሸጥም ብዙውን ጊዜ ያጋልጠዋል።

3. ሜዳውን እኩል አድርጉ

ሁለቱንም ኮምፒውተር በአንድ ጌም፣ በአንድ ሪዞሉሽን (በስክሪኑ ላይ በሚሳለው የነጥብ ብዛት)፣ በአንድ ሴቲንግ ፈትኑ። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የርካሽ ላፕቶፕ ስክሪን ብዙ ጊዜ 1366 በ768 ነው። ከዴስክቶፕ ጋር የሚገጠመው ደግሞ 1920 በ1080 ሊሆን ይችላል። ትልቁ የትንሹን እጥፍ ያህል ነጥብ ይስላል። ሁለቱን እንዳለ ማወዳደር አንዱን ሯጭ ጆንያ አሸክሞ ማስሮጥ ነው። ሁለቱንም 1280 በ720 ላይ አድርጉ፤ ግራፊክሱን ዝቅተኛው ላይ፣ ቪሲንክን (የምስሉን ፍጥነት በስክሪኑ ፍጥነት የሚገድበውን) አጥፉ።

ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሁን፤ በባትሪ ሲሠራ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ቴሌግራምን፣ ብሮውዘሩን ዝጉ። የዊንዶውስ አፕዴት እየወረደ ከሆነ እስኪጨርስ ጠብቁ።

4. መብራቱ እና አቧራው

እንደ ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ባሉ ሰፈሮች የምንኖር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል፤ ፈተናው መሃል ላይ ከጠፋ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ጠዋት ወይም ከሰዓት ለኩ። ለዴስክቶፕ ስታቢላይዘር ቢኖር ጥሩ ነው።

አቧራው ግን ውጤቱን ራሱ ይቀይራል። የጎረቤቴን ሳጥን ስንከፍተው የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ሥር ግራጫ አቧራ እንደ ሱፍ ተጋግሮ ነበር። ነቅለን፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዘን፣ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠረግነው። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን፣ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት በአልኮል አጽድተን ከአንዲት የአተር ፍሬ ያልበለጠ አዲስ ፔስት አደረግን። ቀድሞ ጌም ሲከፈት እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ የነበረው ዝም አለ። አየራችንም የራሱ ድርሻ አለው። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ብርዱ ያግዘናል፣ ግን ማራገቢያው የሚገፋው አየር ያንሳል። የቆሸሸ ኮምፒውተር እዚህ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ አሮጌውን ሳታጸዱ አትለኩት፤ ትበድሉታላችሁ።

5. አሁን ለኩ

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከጂ ጋር ስትጫኑ የሚመጣው ጌም ባር ኤፍፒኤስ ያሳያል፤ ማለትም በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚሳል። ዝርዝር ከፈለጋችሁ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለው ፕሮግራም ሙቀቱንም አብሮ ያወጣል። ጂቲኤ 5 የራሱ መፈተኛ ስላለው ለማወዳደር ይመቻል፤ ሁሌም ያንኑ ትዕይንት ነው የሚያሳየው። መፈተኛ በሌለው ጌም አንድ መንገድ ምረጡ፣ ሁሌም በዚያው ሂዱ።

መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ተጫወቱ። ቀጭን ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀግና ነው፤ ሲግል ነው ጉዱ የሚታየው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መሃለኛውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ።

6. አማካዩን ብቻ አትዩ

60 ኤፍፒኤስ ማለት እያንዳንዱ ምስል ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል ማለት ነው። 30 ሲሆን 33። አሁን አንዷ ምስል 200 ሚሊሰከንድ ብትዘገይ አማካዩ ላይ ብዙም አይታወቅም። ዓይናችሁ ግን ያያታል፤ ጎሉም የሚገባባችሁ ያኔ ነው። ስለዚህ «1 ፐርሰንት ሎው» የሚባለውን ዝቅተኛ ቁጥር እዩ፤ ከመቶ አንድ እጅ የሆኑት በጣም የዘገዩ ምስሎች ፍጥነት ነው። አማካዩ 45 ሆኖ ዝቅተኛው 35 የሆነውን፣ አማካዩ 60 ሆኖ ዝቅተኛው 15 ከሆነው እኔ እመርጣለሁ፤ ሳላመነታ።

7. ከመተካት በፊት በትንሽ ብር የሚሻሻለው

ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ራሙን ለምስልም ይጠቀምበታል። አንድ ብቻ ተሰክቶ ከሆነ ተመሳሳይ ሁለተኛ ጨምሩ። ዲዲአር3 1600 የሚባለው የራም ዓይነት ብቻውን በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ሲሠሩ 25.6። ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ደግሞ ጌሙ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል፤ ኤፍፒኤስ ግን ይጨምራል ብላችሁ አትጠብቁ። አንድ ነገር በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ለኩ።

አሮጌው ሁሌም ያሸንፋል እያልኩ አይደለም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። አንዳንድ የኦንላይን ጌሞች በዚህ ምክንያት አሮጌውን ይዘጉበታል። ልጃችሁ የሚጫወተው የትኛውን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። መብራት ሲሄድም ላፕቶፑ ነው የሚተርፈው። ዴስክቶፑ ላይ የሞኒተሩን፣ የኪቦርዱን፣ የስታቢላይዘሩን ዋጋ ደምሩበት።

ለመግዛት ስትወጡ ጌሙን በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጂቲኤ 5 ሲወጣ የጠየቀው ቦታ 65 ጊጋ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ላውርድ ማለት አይሆንም። ሻጩን በትሕትና «ሃያ ደቂቃ ላጫውተው» በሉት። የሚተማመንበት ዕቃ ከሆነ ወንበር ስቦ ያስቀምጣችኋል። ካልፈቀደ ቀጣዩ ሱቅ ጋ ግቡ።